ከጨው ማሰሮ እስከ ሕፃኑ አንጎል

የባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ፥ ከሱዳን ተነሥተው የሶባትን ወንዝ ተከትለው የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ ይደርሱ የነበረበት ዘመን ነበረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በ1902 ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የሚወርደው ቡና በእነዚህ መርከቦች ተጭኖ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር፤ መርከቦቹም ሲመለሱ ጨርቃ ጨርቅና ጨው ይዘው ይመጡ ነበር። ጣቢያው ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡም ንግድ ቀስ በቀስ ቀረ።

ዛሬ ጨው ወደ ጋምቤላ የሚመጣው በመርከብ ሳይሆን በጭነት መኪና ነው፤ የሚነሣውም በአብዛኛው ከአፋር ምድር ነው። እንደ ዱሮው ብርቅ ስላልሆነም ማንም በጥንቃቄ አይመለከተውም። ነገር ግን በጨው ውስጥ ዐይን የማያየው ምላስም የማይቀምሰው አንድ ነገር አለ፤ ያ ነገር መኖሩ ወይም መጥፋቱ በእናቱ ማኅፀን ያለው ሕፃን ከአንጎሉ ሕዋሳት የትኞቹ በሕይወት እንዲቈዩ፥ የትኞቹስ እንዲሞቱ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው። ይህን ለውድ አንባብያን ለመግለጽ ያነሣሣኝ በጋምቤላ ገበያ ያጋጠመኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው።

በዚያች ከተማ በመምህርነት ሳገለግል፥ ከቤቴ ብዙ ሳይርቅ ጨው የሚቸረችሩ አንዲት እናት ነበሩ። ጆንያውን አፉን ከፍተው በዚያ በሚያቃጥል ፀሐይ ላይ ያውሉት ነበር። አንድ ቀን ጨው ልገዛ ሄጄ፥ «እትዬ፥ ጨዉን ፀሐይ ባያገኘው አይሻልም?» አልኋቸው።

«መምህር፥ ጨው ደግሞ ምን ይሆናል ብለው ነው? ድንጋይ እኮ ነው» ብለው ሣቁ። ቀጥለውም፥ «እኔማ ለቤቴ የምወስደውን አፈሩ እንዲለቀው በውሃ አጥቤ ነው የማሰጣው። ምራቴ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ንጹሕ ነገር እንድትበላ ብዬ እጠነቀቃለሁ» አሉኝ።

እኒህ እናት ለምራታቸው የተጨነቁ ደግ ሴት ናቸው። ነገር ግን በደግነታቸው ያጠቡት ቈሻሻውን ብቻ አልነበረም። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ለማስረዳት ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

ስለ ሕዋሳት ሞት

ብዙ ሰው አንጎል የሚሠራው ሕዋሳት በመወለዳቸው ብቻ ይመስለዋል። እውነቱ ግን አንጎል የሚሠራው ሕዋሳቱ በመሞታቸውም ጭምር መሆኑ ነው። ለአካለ መጠን በደረሰ ሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ይገኛሉ። ፅንሱ ሲያድግ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ሕዋሳት ይወለዳሉ፤ በብዙ የነርቭ ክፍሎችም ከተወለዱት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሥራቸውን ሳይጀምሩ ይሞታሉ። በቆሎ የሚዘራ ገበሬ በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ፍሬ ጥሎ፥ ቡቃያው ሲወጣ የጠነከረውን አስቀርቶ ሌላውን እንደሚነቅል ያለ ነው። የእጃችን ጣቶች እንኳ የተለያዩት በመካከላቸው የነበሩት ሕዋሳት በፅንስነታችን ጊዜ በመሞታቸው ነው።

ይህ ሞት እንደ ቍስል ወይም እንደ ቃጠሎ በድንገት የሚመጣ አይደለም። ሕዋሱ በውስጡ በተጻፈ ትእዛዝ መሠረት ራሱን በሥርዓት አፍርሶ ጎረቤቶቹን ሳይጎዳ ያልፋል። በ1972 ኬር፥ ዋይሊ እና ከሪ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ይህን ዐይነት ሞት «አፖፕቶሲስ» ብለው ሰየሙት፤ ቃሉ የግሪክ ሲሆን እንደ ቅጠል መርገፍ ማለት ነው።

እንግዲህ የትኛው ሕዋስ ይቀራል? የትኛውስ ይረግፋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ካገኙት አንዷ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ የተባለች ጣሊያናዊት ናት። የሙሶሊኒ መንግሥት በ1938 ባወጣው የዘር ሕግ ምክንያት አይሁዳዊት በመሆኗ ከዩኒቨርሲቲ ሥራዋ ስለተባረረች፥ በጦርነቱ ዘመን በመኝታ ክፍሏ ውስጥ የዶሮ ዕንቍላል እየከፈተች የጫጩቱን ነርቭ አመጣጥ ትመረምር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግራ ከቪክቶር ሃምበርገር ጋር ስትሠራ፥ በማደግ ላይ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት በብዛት እንደሚሞቱ ሁለቱ በ1949 አሳወቁ። ኋላም በሕይወት የሚቈዩት «መጋቢ» የሚሆን ንጥረ ነገር ያገኙት መሆናቸውን አረጋገጠች። መጋቢው ንጥረ ነገር ለሕዋሱ «ኑር» የሚል መልእክት ነው፤ መልእክቱ ያልደረሰው ሕዋስ የሞቱን ትእዛዝ ራሱ ይፈጽማል። ስለዚህም ሥራዋ ከስታንሊ ኮኸን ጋር በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች።

የሞቱ ትእዛዝ የት እንደተጻፈ ያሳየችው ደግሞ አንዲት ሚሊሜትር የምታህል ትል ናት። ይህች ትል ስታድግ በአካሏ ከሚፈጠሩት 1,090 ሕዋሳት ውስጥ 131 ሕዋሳት ሁልጊዜ ይሞታሉ፤ ቍጥሩ አይበዛም አያንስም። ሮበርት ሆርቪትዝና ባልደረቦቹ ትሏን ሲመረምሩ ለዚህ ሞት ምክንያት የሆኑትን ጂኖች ለይተው አገኙ። ተመሳሳይ ጂኖች በሰውም ይገኛሉ። ሆርቪትዝ፥ ሲድኒ ብሬነር እና ጆን ሰልስተን ስለዚህ በ2002 ኖቤል ተሸለሙ።

ስለ ጂኖች ንባብ

ጂን ወይም ዘረ መል ከአባትና ከእናት የምንወርሰው ጽሑፍ ነው። ሰው ሃያ ሺህ ያህል ጂኖች አሉት፤ እያንዳንዱም ሕዋስ የዚህ መጽሐፍ ሙሉ ቅጂ አለው። የአንጎል ሕዋስም የጉበት ሕዋስም መጽሐፋቸው አንድ ከሆነ፥ ታዲያ ስለምን ሥራቸው ተለያየ? መልሱ እያንዳንዱ ሕዋስ የሚያነበው ክፍል የተለያየ በመሆኑ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። መጽሐፉ ሁሉ በመቅደስ አለ፤ ነገር ግን ዛሬ የትኛው ምንባብ እንደሚነበብ የሚያመለክተው ግጻዌው ነው። ግጻዌው ያልጠራው ምንባብ በመጽሐፉ ውስጥ ተጽፎ ቢኖርም በዚያ ቀን አይሰማም። በሕዋስም ውስጥ እንዲሁ የትኛው ጂን መቼ መነበብ እንዳለበት የሚያመለክቱ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሕዋሱን የሚያኖሩ ጂኖችም ሕዋሱን የሚያፈርሱ ጂኖችም በአንድ መጽሐፍ ተጽፈዋል፤ የሕዋሱ ዕድል የተመሠረተው በዚያ ሰዓት የትኞቹ በበለጠ በመነበባቸው ላይ ነው።

ለሚያድገው አንጎል እንደ ግጻዌ ከሚያገለግሉት ንጥረ ነገሮች ዋነኛው በአንገታችን ፊት ከማንቍርት በታች ባለው በታይሮይድ ዕጢ የሚሠራው ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን በደም ሄዶ ወደ ሕዋሱ እምብርት ይገባል፤ በዚያ ካለው ተቀባዩ ጋር ተጣብቆ አንዳንዶቹን ጂኖች ያስነብባል፥ አንዳንዶቹን ያዘጋል። በእርሱ ፈቃድ ከሚነበቡት ጂኖች መካከል ቀደም ብለን የጠቀስናቸውን መጋቢዎች የሚሠሩ ይገኙበታል።

በታናናሽ አይጦች በተደረገ ምርመራ ይህ ሆርሞን ሲጎድል ምን እንደሚሆን ታይቷል። ሚዛንን በሚጠብቀው በንዑስ አንጎል ውስጥ የመጋቢዎቹ ጂኖች ንባብ ይቀንሳል፤ መሞት ከሚገባቸው በላይ ብዙ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ከሞት የተረፉትም ቅርንጫፋቸው ቀጭጮ ወደ ተመደበላቸው ቦታ ሳይደርሱ ይዘገያሉ። እንግዲህ መልካም የነበረው የማሳሳት ሥርዓት፥ የሚያዝዘው ስለ ጎደለ ብቻ፥ ጠንካራውንም ቡቃያ ከደካማው ጋር መንቀል ይጀምራል ማለት ነው።

የሆርሞኑ ጥሬ ዕቃ

ይህ ሆርሞን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። ዋናው የታይሮይድ ሆርሞን አራት የአዮዲን አቶሞች አሉት፤ አዮዲን ከሌለ ሆርሞኑ ሊሠራ አይችልም። አዮዲንን በርናር ኩርትዋ የተባለ ፈረንሳዊ በ1811 ከባሕር ዐረም አመድ አገኘው። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት 250 ማይክሮግራም ይላል። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሰው በሰባ ዓመት ዕድሜው የሚያስፈልገው አዮዲን ሁሉ ቢጠራቀም አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ነገር ግን አካል አዮዲንን ለብዙ ጊዜ ሊያከማች ስለማይችል በየጊዜው ማግኘት አለበት።

አዮዲን የጎደለው ዕጢ ያለችውን ጥቂት ለመያዝ ሲታገል ያብጣል፤ ይህም እንቅርት የምንለው ነው። ሕዝባችን እንቅርትን ከውሃ ወይም ከርግማን የመጣ አድርጎ ሲያወራ ኖሯል። ርግማን አይደለም፤ የውሃው ነገር ግን ጥቂት እውነት አለበት። ዝናብና ጎርፍ ከደጋው አፈር ላይ አዮዲኑን ለብዙ ሺህ ዓመታት አጥቦ ወደ ባሕር ወስዶታል፤ ስለዚህ በዚያ አፈር የበቀለው እህልም የጠጡት ውሃም አዮዲን ያንሰዋል። ጎርፍ ደጋግሞ የሚያጥበው የወንዝ ዳር ሜዳም ከዚህ ችግር አያመልጥም። በጋምቤላ ዓሣ ስለሚበላ ይበቃል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ የባሮ ዓሣ መልካም ምግብ ነው፥ ነገር ግን በአዮዲን የታወቀው የባሕር ዓሣ ነው እንጂ የወንዝ ዓሣ አይደለም።

እንቅርቱ በዐይን ስለሚታይ ሰው የሚፈራው እርሱን ነው። የሚያስፈራው ግን የማይታየው ነው። ፅንሱ የራሱን ሆርሞን በበቂ መሥራት የሚጀምረው ከእርግዝናው አጋማሽ ወዲህ ነው፤ እስከዚያ የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው፤ ከዚያም በኋላ አዮዲኑን የሚያገኘው ከእርሷ ብቻ ነው። እጥረቱ የከፋ ከሆነ ሕፃኑ መስማትና መናገር የተሳነው፥ ቁመቱ የቀጨጨ፥ አእምሮው ያልዳበረ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። እጥረቱ መካከለኛ ሲሆን ደግሞ ልጁ መልኩ ከሌሎች ሳይለይ ትምህርት ይከብደዋል።

ይህን ስጽፍ ልቤ ይከብዳል። በመምህርነት ዘመኔ «ሰነፍ ነህ» ብዬ የተቈጣኋቸው ልጆች አሉ። ፊደሉን ዛሬ አስጠንቼው ነገ የሚጠፋበት፥ ሊያጠና ሲታገል በዐይኔ እያየሁት ያልሆነለት ልጅ ነበረ። ምክንያቱ አዮዲን ነው ለማለት አልችልም፤ በዐይን ብቻ የሚፈረድ ነገር አይደለም። ነገር ግን ያን ልጅ በተቈጣሁ ጊዜ፥ ትምህርቱ የሚጀምረው ከእኔ ክፍል ሳይሆን ከእናቱ ማኅፀን መሆኑን አላስብም ነበር።

ጊዜው መቼ ነው?

በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ እንቅርት በበዛበት አገር ፋሮዋ፥ ቡትፊልድ እና ሄትዝል የተባሉ ሐኪሞች ለሴቶች አዮዲን ያለበት ዘይት በመርፌ ሰጥተው ውጤቱን በ1971 አሳወቁ። ከመፀነሳቸው በፊት የተወጉት እናቶች ልጆች ከከፋው ጉዳት ዳኑ፤ ከፀነሱ በኋላ የተወጉት እናቶች ልጆች ግን ሁሉም አልዳኑም። በ1994 ደግሞ ከቻይና ሺንጂያንግ የወጣ ጥናት አዮዲን እስከ ስድስተኛው የእርግዝና ወር ድረስ ቢሰጥ ለሕፃኑ አንጎል እንደሚጠቅም፥ ከዚያ በኋላ ግን ጥቅሙ እንደሚያንስ አሳየ። የሞተ የነርቭ ሕዋስ አይነሣም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ አስቀድሞ መድረስ ነው። ሴት መፀነሷን ሳታውቅ ሳምንታት ስለሚያልፉ፥ የቤቱ ጨው ሁልጊዜ አዮዲን ያለበት መሆን አለበት።

ስዊስ በ1922፥ አሜሪካ በ1924 አዮዲንን በጨው ማዳረስ ጀመሩ። ጨው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ባለጸጋም ድኻም በየቀኑ ጥቂት ይበላዋል።

በአገራችን ቀድሞ ከአሰብ የሚመጣው ጨው አዮዲን ይገባበት ነበር። ከ1998 የድንበር ጦርነት ወዲህ ግን ያ ምንጭ ተቋረጠ፤ አገሩም በአፋር በአፍዴራ ጨው ተደገፈ፤ እርሱም ለብዙ ዓመታት ያለ አዮዲን ይሸጥ ነበር። በ2005 በተደረገ ሀገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል ከመቶ 40 የሚጠጉት እንቅርት ተገኘባቸው፤ ከተመረመረው የቤት ጨው ውስጥ አዮዲን ያለበት ከመቶ 5 እንኳ አልሞላም። በ2011 መንግሥት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከመቶ 15 ነበሩ፤ በ2016 ግን ከመቶ 89 ደረሱ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው የቤት ለቤት ምርመራ አዮዲን መኖሩን እንጂ በበቂ መኖሩን አይናገርም። ከፋብሪካ በቂ ሆኖ የወጣው በመንገድ፥ በገበያና በማጀት ሊጎድል ይችላል።

በማጀት የሚደረግ ጥንቃቄ

አዮዲኑ በጨዉ ቅንጣት ላይ የተረጨ ስለሆነ ጨው ሲታጠብ ይታጠባል። እርጥበት፥ ፀሐይና ሙቀት ደግሞ ያሳሱታል። እንደ ጋምቤላ ባለ ሙቀቱ በበረታበት፥ በክረምትም እርጥበቱ በበዛበት አገር ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ፦

አዮዲን ያለበት መሆኑ የተጻፈበትን፥ የታሸገውን ጨው መግዛት ይገባል። ከገዙም በኋላ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አድርጎ ከምድጃና ከፀሐይ ማራቅ ነው። ጨው አይታጠብም። ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨመር አዮዲኑ በእሳት አይጎዳም። አሞሌ ጨው የአባቶቻችን መገበያያ ስለነበረ ክብር ቢኖረውም አዮዲን አልገባበትምና የታሸገውን ጨው አይተካም። ደግሞም ይህ ሁሉ ጨው አብዝቶ መብላት አይደለም፤ ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይበቃዋል። ለቍስል የሚቀባውን አዮዲን መጠጣት አደገኛ ነው። የአንገት ዕጢ ሕመም ያለባት ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳትጠይቅ ምንም አታድርግ።

የሕፃኑን አንጎል የሚጎዳው የአዮዲን እጥረት ብቻ አይደለም። በጋምቤላ የወባ በሽታ የበረታ ስለሆነ ነፍሰ ጡር በአጎበር ሥር ማደርና ወደ ጤና ጣቢያ በጊዜ መሄድ አለባት። አልኮልም ሌላው ጠላት ነው፤ በ2000 የታተመ የአይጥ ምርመራ አልኮል በሚያድግ አንጎል ውስጥ ያንኑ የመርገፍ ሞት በብዙ ሕዋሳት ላይ እንደሚያስነሣ አሳይቷል። ስለዚህ ነፍሰ ጡርን «ጥቂት ብትጠጣ ምን አለበት» ብሎ ጠላ፥ ቦርዴ ወይም አረቄ መጋበዝ ወዳጅነት አይደለም።

ወደ ገበያዋ እናት ልመለስ። ከዚያ ቀን በኋላ ከሱቃቸው ፊት ቈሜ ያወቅሁትን ያህል ነገርኋቸው። ስለ ጂንና ስለ ሕዋስ አላወራሁም፤ «በጨዉ ላይ ለልጁ አእምሮ የሚሆን ነገር ተረጭቶበታል፤ ሲታጠብ ይሄዳል፥ ፀሐይም ይወስደዋል» አልኋቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና፥ «ታዲያ ስቀምሰው አይታወቀኝም?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይታወቅም፥ እትዬ» አልኋቸው። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለው ተረታችን በዚህ ላይ አይሠራም፤ አዮዲን ያለበትም የሌለበትም እኩል ይጣፍጣል።

ጥቂት አሰቡና፥ «ምራቴ ገና ሦስተኛ ወሯ ነው። ይደርሳል?» አሉኝ።

«ይደርሳል» አልኋቸው።

በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት ሳልፍ ጆንያው በጥላ ሥር ገብቶ አፉ ታስሮ አየሁት።